የመሐሉ አጥር

ዘንድሮ የኛ ሁዳዴና የእስላም ጎረቤቶቼ ረመዳን በአንድ ሰኞ ገቡ። እኔ በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ስለ አንድ ድስት ወተት አስብ ነበር። የክርስትና ልጄ ለቅበላ ብሎ ከዋጃ በሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ አምጥቶልኝ፣ እሑድ ማታ አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፤ ለአንዲት ብቻዋን ለምትኖር ባልቴት ከዚያ በላይ የት ይገባል? ሰኞ ሲነጋ የቀረው እንዳለ ድስቱ ውስጥ ነው። ከእንግዲህ ሃምሳ አምስት ቀን አልነካውም። ልጄ ኃይሌ ከአዳማ የላከልኝ ፍሪጅ አለ፤ መብራት ግን በየሰሞኑ ስለሚጠፋ፣ አሁንም ከቅዳሜ ጀምሮ ስለሌለ፣ ፍሪጁ ቁም ሣጥን ሆኗል፤ እውነቴን ነው፣ የታጠበ ጨርቅ አስቀምጥበታለሁ። ወተቱን አፈላሁት፤ ሲቀዘቅዝ ደግሜ አፈላሁት። የቆቦን ሙቀት የማያውቅ ሰው ወተት እዚህ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አያውቅም። ልድፋው ብዬ ድስቱን አንስቼ እስከ ቦዩ ድረስ ሄጄም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ድስቱን እንደያዝሁ ቆሜ ሳለሁ ከግንቡ ማዶ ጢስ መጣ።

የማሽላ አገዳ ጢስ ነበር። ኩበት ዓይን ያቃጥላል፣ ከሰል ራስ ያዞራል፤ አገዳ ግን ጣፈጥ ይላል፣ ድስት ሥር የያዘ ስኳር ይመስላል። ከዚህ ጢስ ጋር ስንት ዘመን ኖሬ፣ ግንቡን ካሠራሁ ወዲህ ግን እምብዛም አልሸተተኝም። ምናልባት የዚያን ቀን ነፋሱ አዙሮት ይሆናል። ምናልባትም ጎረቤቴ ሙሚና እንደኔ መብራት አጥታ፣ የማፍጠሪያ ሾርባዋን በድሮው ምድጃ ልትጥድ ይሆናል። ብቻ ያ ጢስ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ድስቱን መሬት አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ፊት ለፊቴ ያለው ብሎኬት ጠፋና የድሮው አጥር መጣብኝ።

ያኔ በኔና በሙሚና ግቢ መካከል የነበረው አጥር የማሽላ አገዳ ነበር። ባሌ ገብሩ ነፍሱን ይማረውና ከአላማጣ ማዶ መጥቶ ቆቦ ላይ የጨውና የበርበሬ ንግድ የጀመረ ሰው ነው፤ ትንሽ ማሳም ነበረችን። የሙሚና ባል ሰይድ ደግሞ ቅድመ አያቶቹ እዚሁ ያረሱ የአገር ሰው ነው። ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ተቆርጦ ሲያልቅ አገዳው በግመል ተጭኖ ይመጣል። ግመሉ በመንገዱ ሲያልፍ ጭነቱ ግራና ቀኝ ያለውን ሰው እየገፋ፣ ሴቱ ሁሉ «ዓይናችንን! ዓይናችንን!» እያለ ይሸሻል። ከዚያ ገብሩና ሰይድ አንድ ጧት ተያይዘው ያጥራሉ፤ አንዱ ያቆማል፣ አንዱ በልጥ ያስራል። እስከ ጥር እኔና ሙሚና የምንተያየው በቅጠሉ ስንጥቅ ነው። ከጥር በኋላ አጥሩን መብላት እንጀምራለን። አጥር ይበላል ወይ የሚለኝ ካለ ቆላ አልኖረም። ቅጠሉ ለላም ነው፤ ቅጠሉ ሲያልቅ አገዳው ለምድጃ ነው፤ ሥሩ ለክረምት ማገዶ ይቀመጣል። የመንገዱን አጥር ማንም አይነካም። የሚበላው የመሐሉ ነው። ሙሽራ ሆኜ በመጣሁበት ዓመት፣ ገና ሰው ሳልለምድ፣ ይህቺ ሴትዮ ከመሐሉ አጥር አገዳ ስትመዝ አየኋትና ቆጣ አልሁ። ሙሚና እንኳን ልትደነግጥ ሁለተኛውን መዘዘች።

«የመንገዱ ከጅብ ይጠብቀን፤ ይሄ ከማን ሊጠብቀን ነው? ነይ ምዘዢ፣ አንቺም ድስት ጥደሻል» አለችኝ።

መዘዝሁ። ፋሲካ ሲደርስ አጥሩ ወገባችን ላይ ወረደ፤ ግንቦት ላይ ጉልበት ሆነ፤ ሰኔ ሲገባ ሁለቱ ግቢ አንድ ሜዳ ሆኖ ልጆች የማን ደጅ ላይ እንደሚንከባለሉ አያውቁም። ዶሮ አጥሩ ሥር እንቁላል ከጣለች የማንም አይደለም፣ ቀድሞ ላየ ልጅ ነው። ስለዚህ እንቁላል አጥር ሥር እንዳትጥል ዶሮዎቼን ስጠብቅ የዋልሁበት ቀን አለ፤ ስስታም ነበርሁ፣ አልደብቅም። ኅዳር መጥቶ ወንዶቹ ስለ አዲስ አጥር ማውራት ሲጀምሩ ሆዴ ይባባ ነበር። ለምን እንደሚባባ ግን ያኔ አላሰብሁትም፤ ሥራ የበዛባት ሴት ምን ጊዜ አላት።

ላም የነበረን እኛ ነን። ረቡዕና ዓርብ ወተት አንጠጣም፣ ላሚቱ ግን ዛሬ ጾም ነው ብላ ወተቷን አትይዝም። ስለዚህ የጾም ቀን ወተት በቅል ሆኖ በአጥሩ ላይ ወደ እነ ሙሚና ይሻገራል። እነሱ ረመዳን ሲይዙ ደግሞ ከሱሑር፣ ከሌሊቱ ምግብ፣ የተረፈው ቂንጬም ይሁን ገንፎ ሲነጋ በአጥሩ ላይ ወደ ልጆቼ ይመጣል። ሥጋ ብቻ ነው የማይሻገረው፤ የነሱን እኛ አንበላም፣ የኛን እነሱ አይበሉም። ሌላው ሁሉ ይሻገራል። ፍሪጅ የሚባል ነገር ያየሁት አንድ ጊዜ ደሴ ሄጄ ነው፤ ባለቤቲቱ ከፍታ ስታሳየኝ «ይሄ ሁሉ ምግብ የሚበላው አጥቶ ነው የታሰረው?» ብያት ሳቀችብኝ። እኛ ዘንድ ምግብ የሚታሰርበት ጊዜ አልነበረም፤ አንዱ ሲጾም ሌላው ይበላዋል።

ወተት የሚሄድበት ቅል የእናቴ ነው፤ ዛሬም አለ። አንድ ጊዜ ከእጄ ወድቆ ተሰነጠቀና ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ሙሚና ተቀብላኝ በወስፌ እየበሳች በዘንባባ ስንጥር ሰፋችው፤ ስፌቱን በሰም ደፈነችው፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላፈሰሰም። ይህ ቅል ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ማንም ያወጣው ደንብ አይደለም፣ ሰው ሲያደርግ አይተን ያደረግነው ነው። ወተት ይዞ ይሄድና፣ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ አንድ እፍኝ ሽምብራ ወይ ሁለት ቃሪያ፣ ወይም አፋሮች ካመጡት ጨው አንድ ቁራጭ ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ እሷም የላትም። ያኔ አንድ ሎሚ ትጥልበታለች፤ ሎሚውም ከኔው ዛፍ የተለቀመ ነው። ይህን እያወቅሁ «እሰይ፣ ሎሚ አምሮኝ ነበር» እላታለሁ።

የዚያ ዘመን ቁጠባ ብዙ ነው፤ ስንቱን አወራዋለሁ። ክብሪት በአሥር ሳንቲም ነበር፣ እሱም ውድ ነው ተብሎ እንጨቷን በምላጭ ለሁለት የሚሰነጥቁ ሴቶች ነበሩ። እኔና ሙሚና ግን አልሰነጠቅንም፤ አንዳችን እሳት ካለን ሌላችን ገል ይዘን ፍም ልንጭር እንሄዳለን። ላምባ በጠርሙስ ስሙኒ ነበር። ሱቅ የምንሄደው በየተራ ስለሆነ፣ ጠርሙሶቹ እንዳይቀያየሩ በኔው ጠርሙስ አንገት ላይ ነጭ ክር፣ በሷው ጠርሙስ አንገት ላይ ቀይ ክር አስረናል። ያን የመሰለ ጠርሙስ ዛሬ መንገድ ላይ ተጥሎ ልጅ በእግሩ ይለጋዋል፤ ያኔ ጠርሙስ ለሙሽራ ይሰጥ ነበር። ሲመሽ ኩራዙን ከመሐሉ አጥር ቋሚ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ከወዲያ የሷ ልጆች፣ ከወዲህ የኔዎቹ በአንድ መብራት ያጠናሉ። ገብሩ ለሠርጉ ያሰፋው የቴትረን ሱሪ ነበረው፣ ሲራመድ ፏጭ ፏጭ የሚል። ጉልበቱ ሲያልቅ ለኃይሌ ቁምጣ ሆነ፤ ከኃይሌ ወደ ሙሚና ልጅ ወደ አህመድ አለፈ፤ ከአህመድ ዞሮ ለኔ የድስት መያዣ ሆኖ ሲመጣ ጨርቁን አውቄው በሳቅ ፈነዳሁ። የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ቆርቆሮ ጣራ ላይ ፀሐይ እናሰጣዋለን፤ እሑድ ከሰዓት የአድማጮች ምርጫ እስኪያልቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። መካከል ላይ ዘፋኙ እየጎተተ፣ እየጎተተ ዝም ይላል፤ ሙሚና ከዚያ ማዶ የቀረውን ዘፈን በራሷ ድምፅ ትጨርሰዋለች። ድምፅ አልነበራትም፣ አላህ ይይላት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ የቆሻሻ ጋሪ በር ድረስ ይመጣል። ባለ ጋሪው ከረጢቴን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ «እማማ፣ እርስዎ ምንም አይበሉም እንዴ?» ይለኛል። እበላለሁ። ግን ያቺ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ያለውን እሱ አያየውም፤ ያልጨረስሁት እንጀራ፣ የድንች ልጣጭ፣ የነቀዘ ሽምብራ። እነዚህ በኔ ጉብዝና ጊዜ ቆሻሻ አልነበሩም። ልጣጩን ላም፣ እንጀራውን ልጅ፣ ልጅ ያልጨረሰውን የጎረቤት ልጅ ይጠብቀዋል። ቆጣቢ ሴት ነኝ ብዬ እኩራራ ነበር፤ ለካ ግማሹ ሙያ የኔ አልነበረም፣ ከአጠገቤ የነበሩት ሰዎች ሙያ ነበር። ልጄ በስልክ «እማዬ፣ ምን ጎደለሽ?» ሲለኝ ምንም አልጎደለኝም እላለሁ። የሚተርፈኝ ነገር ነው ያስቸገረኝ፤ ይህን ግን በስልክ እንዴት ይነግሩታል?

ወደ ግንቡ ልምጣ፤ ካልነገርሁት ወሬው ሁሉ ዋጋ የለውም። ገብሩ ካረፈ በኋላ፣ ልጆችም ከተበተኑ በኋላ፣ ያ ሰው ሁሉ በሩን የዘጋበት ክፉ ሰሞን መጣ። ስለሱ ብዙ አልልም። ማን ከየት እንደመጣ የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር፤ የገብሩ አገር ከአላማጣ ማዶ መሆኑ ደግሞ ይታወቃል። የመሐሉ አጥር ጉልበት ላይ ደርሶ ነበርና ሙሚና ተራምዳው መጣች፤ ክንዴን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። በር የሚያንኳኳ ሲመጣ «እህቴ ናት» ትላለች። ከዚህ የበለጠ አልጠየቋትም። ስንት ቀን እዚያ እንደተቀመጥሁ አልቆጠርሁም፤ ጾም የሆነ ቀን ለኔ ብቻ ዘይት የገባበት ሽሮ ለብቻ ትሠራ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

ከዚያ ደህና ጊዜ ሆነ። ሰላም ሲሆን ነው ግንቡን ያሠራሁት፤ ሰው ቢሰማ ይሳለቅብኛል። ኃይሌ ከርቀት ሆኖ ፈርቶልኛል፤ ብር ላከና «በየዓመቱ አገዳ ከምትገዢ አንዴ በብሎኬት ይታጠር፣ እማዬ፤ እሱ ዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። ማሳው ከእጃችን ከወጣ ቆይቷል፤ አገዳ በሸክም እየገዛሁ ነበር፣ የአገዳ ዋጋም ከብት አርቢው እየተሻማ ሰማይ ወጥቷል። አሰብሁት፤ በእውነት ያዋጣል። ሙሚና ያን ጊዜ ልጇ ወልዳ ልታርሳት ወደ ጎብዬ ሄዳለች። ስትመለስ ደስ ይላታል አልሁ፤ ለሷም ወጪ ቀነስሁላት፣ ድርሻ እንኳ አልጠይቃትም ብዬ ራሴን አሞገስሁ። ግንበኛው ደሳለኝ ግንቡን ጨርሶ ሲያበቃ «እትዬ ለምለም፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይተከልበታል፤ ልግዛ ወይስ ቤት አለ?» አለኝ። ቤት አለ! ጠርሙስ የማጣ ሴት ነኝ እንዴ? የስንት ዓመት ያጠራቀምሁትን በጆንያ አወጣሁለት። ምንም ሳይገዛ፣ ምንም ሳይጣል ሥራው አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። አንዷ ጠርሙስ አንገቷ ላይ ቀይ ክር እንዳለባት አላየሁም። የሙሚና ጠርሙስ እኔ ዘንድ ቀርታ ነበር።

ሙሚና በሳምንቱ ከጎብዬ ተመለሰች። እኔ በዚህ በኩል ደረጃ ላይ ቆሜ «እንኳን መጣሽ! አየሽልኝ?» ብዬ በግንቡ አናት ላይ ተጣራሁ። ቀና ብላ አየች። ዓይኗ ስባሪው ላይ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ አንድ ቦታ ቆመ። እኔም ዓይኗን ተከትዬ አየሁት፤ የጠርሙሱ አንገት ከነቀይ ክሩ ከሲሚንቶው ወጥቶ ቆሟል፣ ስለቱም ወደሷ ነው።

«አበጀሽ» አለች። «ምንም አልጣልሽም።»

ሌላ ቃል አልተናገረችም። በማግሥቱ የልጅ ልጇ በመንገዱ ዞራ፣ የግቢዬን በር አንኳኩታ ቅሉን አመጣችልኝ፤ ወደ ጎብዬ ከመሄዷ በፊት እርጎ ልኬላት ነበር። ታጥቧል፣ አልታጠነም። ውስጡን አየሁ፤ ባዶ ነው። አገላብጬ ነቀነቅሁት፣ አንድ ሽምብራ ጥጉ ላይ ተሰውራ እንደሆነ ብዬ።

ከዚያ ወዲህ አልተጣላንም፤ እንድንጣላም አልታደልን። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?» እንባባላለን። በመጀመሪያው ኢድ ዞሬ ሄጄ ነበር። ምራቷ ሮጣ ወንበር አቀረበችልኝ፣ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አነጠፈችልኝ፣ ለስላሳ ከፈተችልኝ። በዚያ ቤት ስንት ዓመት በዱካ ተቀምጬ ሽንኩርት ልጬ ለኔ ለስላሳ ተከፍቶ አያውቅም። ሙሚና ሰላም ብላኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠይቃኝ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ብርቱካን ቀለም ያለውን ለስላሳ እስከ ግማሹ ጠጥቼ ወጣሁ። በመንገዱ ዞሮ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ እኔ ደግሞ እንግዳ መሆን አልቻልሁበትም፣ ሁለተኛ አልሄድሁም። ጉልበቴ ነው ብዬ ለሰው አወራለሁ።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ያ ጢስ ነው። ሰኞ ማታ ወተቱን ለሦስተኛ ጊዜ አፈላሁትና ማክሰኞ ጧት ደሳለኝን አስጠራሁት። መዶሻውንና መሮውን ይዞ፣ ሲሚንቶ የሚያስፈልግ መስሎት ባዶ ከረጢትም ይዞ መጣ። ግንቡን በእጁ መታ መታ አደረገው።

«ምን ሆነ? ምንም አላለውም እኮ!»

«ምንም አላለውም። አንድ ብሎኬት አውጣልኝ።»

«አውጣልኝ?»

«እዚህ ጋ፣ ከደረቴ ትይዩ። አንድ ብቻ።»

«እትዬ ለምለም፣ ሰው ግንብ ሲያስጨምር እንጂ ሲያስቀንስ አላጋጠመኝም። መስኮት ነው?»

«አይደለም። ቅል ማሳለፊያ ነው። መጀመሪያ ግን መሰላል አድርግና ያችን ባለ ክሯን ጠርሙስ አንገት ንቀልልኝ፤ እንዳትሰብራት።»

ምንም እንዳልገባው ፊቱ ይናገራል፤ ግን ጨዋ ሰው ነው፣ ወጣ። ነቅሎ ሰጠኝ። ፀሐይ ክሩን አጥቦት ከቀይነቱ የቀረው ጥቂት ነው። በመሐረቤ ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ከተትሁት። ከዚያ ብሎኬቱን ዙሪያውን በመሮ ይመታ ጀመር። በየምቱ አስባለሁ፤ እሷ ምን ትል ይሆን፣ ብትቆጣስ፣ ምራቷ ወጥታ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብትለኝስ? ብሎኬቱ ተነቃንቆ ወደኔ ሲወጣ ብርሃን ከዚያ ማዶ ገባ። ደሳለኝ «ብሎኬቱንስ ልውሰደው?» አለኝ። «ምን በወጣው፣ መቀመጫ ይሆነኛል» አልሁት። ሸኘሁትና ብሎኬቱን ቀዳዳው ሥር አስቀምጬ ተቀመጥሁበት። ከዚያ ማዶ እርምጃ ሰማሁ።

«ማነው እሱ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ለምለም? ግንቡ ፈረሰ እንዴ?»

«አንድ ብሎኬት ነው።»

«ለምን?»

ሌሊቱን ሳዘጋጅ ያደርሁትን ሁሉ ትቼ «ወተት ተርፎኝ» አልሁ።

በቀዳዳው የሚታየኝ የቀሚሷ ጫፍና አንድ እጇ ብቻ ነው፤ እጇ አርጅቷል። የኔም እንደዚያው መሆኑን እያወቅሁ ደነገጥሁ።

«እኔ ጾመኛ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ። እኔም ነኝ። ለመግሪብ፣ ለማፍጠሪያሽ ነው፤ ሦስቴ አፍልቼዋለሁ።»

ወደ ቀዳዳው ጠጋ አልሁ። «ሙሚና፣ ጠርሙስሽን አስወርጃታለሁ። አላየኋትም ነበር፤ በእናቴ አጥንት፣ የዚያን ቀን አላየኋትም። አንቺ ነሽ ያሳየሽኝ።»

«ጣልሻት?»

«አልጣልኋትም። በመሐረቤ ይዣታለሁ።»

ከዚያ ማዶ እንደ ሳል ያለ ነገር ተሰማ። ሳቅ ይሁን ሌላ እንጃ።

«ያው ነሽ» አለች። ደግሞ «አስቀምጪው፣ እወስደዋለሁ ኢንሻአላህ» ብላ ሄደች።

ወተቱን በእናቴ ቅል ቀድቼ ቀዳዳው ውስጥ አስቀመጥሁት። ልክክ ብሎ ገባ፤ የብሎኬቱን ስፋት የለካሁት በሱ ነበር። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቤት ውስጥ ሆኜ እንዳላይ ራሴን ያዝሁ። አዛኑ ተሰማ። በግንቡ ማዶ የብርጭቆና የማንኪያ ድምፅ፣ የልጆች ጫጫታ፣ የምራቷ «ቶሎ በሉ!» ይሰማል። እኔም ምስር ወጤን በሰሐን አቅርቤ ብቻዬን በላሁ። መብራት አሁንም የለም። ሻማ ለኩሼ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሻማ ብክነት ነው ብዬ አጠፋሁት። ከቤት ብወጣ ቅሉ እዚያው ቆሞ ባየውስ? ይህን ፈርቼ እስኪነጋ አልወጣሁም። ሙሚና ትወስደዋለች ብዬ አምኜ፣ ደግሞ ባትወስደው ይገባኛል ብዬ፣ ደግሞ ባዶውን ብትመልሰው ሁለተኛ አልችለውም ብዬ ተገላበጥሁ። ባዶ ከሚመጣ እዚያው ይቅር።

ረቡዕ ጧት ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ቅሉ ቀዳዳው ውስጥ ተቀምጧል፤ ከላይ በንጹሕ ጨርቅ ታስሯል። አልነካሁትም፣ መጀመሪያ አሸተትሁት። ወይራ ወይራ ይላል። ታጥኗል። በሁለት እጄ አነሳሁት፤ ከበደኝ። ብሎኬቴ ላይ ቁጭ ብዬ ጨርቁን ፈታሁ። እስከ አፉ በሶ ሞልቶበታል። ቆሎ አይደለም፣ በሶ ነው። ጥርሴ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ ሁለት ዓመት ውስጥ ለሙሚና ቀርቤ አፌን ከፍቼ ስቄላት አላውቅም። እንዴት እንዳወቀች እንጃ።

ጨርቁን መልሼ ላስር ስል ነው ያየሁት። በቅሉ አንገት ላይ፣ ከድሮው ስፌቷ ከፍ ብሎ፣ አዲስ ቀይ ክር ታስሯል። ቅሉ የኔ የእናቴ ነው። ሙሚና ግን አስራበታለች። ቤት ገብቼ ፍሪጁን ከፈትሁና ከጨርቆቹ መሐል የስፌት ቆርቆሮዬን አወጣሁ፤ ዓይኔ እንባ ስለያዘ መርፌ እንኳ ማየት አቅቶኛል። ነጩን ክር በዳበሳ አግኝቼ ከቀዩ ጎን አሰርሁት።